አንድ ገመድ መላ ቢሮውን እንዳይዘጋ
የስዊች ፖርቶች አመዳደብ ባለንብረቱም ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው

እንበልና በአንድ ባለ አራት ፎቅ የንግድ ድርጅት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ከጠረጴዛ ሥር ጫፉ ወድቆ ያገኘውን የኔትወርክ ገመድ፣ ለበጎ ብሎ፣ በአቅራቢያው ባለው የግድግዳ ሶኬት ላይ ሰካው። የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ግን ቀድሞውኑ ሌላ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነበር። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የመጋዘኑ ኮምፒዩተር፣ የሒሳብ ክፍሉ ሰርቨር፣ በኔትወርክ የሚሠራው ስልክና የጥበቃ ካሜራው ሁሉ ሥራ ያቆማሉ። «ኢንተርኔት ጠፋ» ይባልና ወደ ቴሌ ይደወላል። ቴሌ ግን ያጠፋው ነገር የለም። ጥፋቱ እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር ነው።

እንዲህ ያለው ብልሽት ቀደም ባለው ጊዜ ነጋዴውን ያን ያህል አያሳስበውም ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ግብይት ሲጀምር ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ቆመው፣ ዋጋ እየተጣሩ፣ እጅ ለእጅ እየተማቱ ይዋዋሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ግን ግብይቱ ወደ ኤሌክትሮኒክ መድረክ መሸጋገር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ደግሞ ከመነሻው በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት የተዋቀረ ነው። ባንኩም፣ የሱቁ ሽያጭም፣ የመጋዘኑ ቆጠራም እንዲሁ በገመድ ላይ ከዋለ ሰንብቷል። በመሆኑም ስዊቹ የቆመበት ድርጅት ሸቀጡ በመደርደሪያ ላይ እያለ፣ ገዥውም በሩ ላይ ቆሞ እያለ መሸጥ የማይችል ድርጅት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ አደጋ መድኃኒቱ የተገኘው ከአርባ ዓመት በፊት ሲሆን በአብዛኞቹ የሚታዘዙ ስዊቾች ውስጥም ተካትቶ ይሸጣል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ አለመኖሩ ሳይሆን በየፖርቱ በትክክል አለመመደቡ ነው። ጉዳዩ ሲጠቃለል አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ፖርት ከበስተጀርባው ማን እንዳለ ሊነገረው ይገባል።

ማለቂያ የሌለው ዙሪት

ለመሆኑ ስዊች ምን ይሠራል? ስዊች የቢሮው የኮምፒዩተር ገመዶች የሚገናኙበት ሣጥን ነው። ገመዶቹ የሚሰኩባቸው ቀዳዳዎች ፖርት ይባላሉ። በገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት ባለ 8፣ ባለ 16፣ ባለ 24 እና ባለ 48 ፖርት ስዊቾች ናቸው። ስዊቹ በየትኛው ፖርት ላይ የትኛው ማሽን እንዳለ ማክ አድራሻ በሚባለው መለያ ቁጥር እየለየ ይመዘግባል፤ ለአንዱ የመጣውንም መልእክት ለዚያው ብቻ ያደርሳል። አድራሻውን የማያውቀው ወይም «ለሁሉም ይድረስ» የሚል መልእክት ሲመጣበት ግን ከመጣበት ፖርት በስተቀር በሁሉም ፖርቶች ያሰራጨዋል።

ይህን በደላላ ሥራ መስሎ ማየት ይቻላል። አንዱ ደላላ «የሚሸጥ ቤት አለ» የሚለውን ወሬ ለሚያውቃቸው ሁሉ ይናገራል፤ እነርሱም ለሚያውቋቸው ያዳርሳሉ። ሰው የሰማውን ያስታውሳልና ወሬው ዞሮ ተመልሶ ሲመጣበት «ይህንስ ሰምቼዋለሁ» ብሎ ያቆመዋል። ስዊች ግን ትናንት ቀርቶ ከአንዲት ቅጽበት በፊት ያሳለፈውን መልእክት መልሶ ሲያየው አያውቀውም። ሁለት ስዊቾች በሁለት ገመድ ቢገናኙ፣ አንደኛው በአንዱ ገመድ የላከውን ሁለተኛው በሌላው ገመድ ይመልስለታል። ያም እንደ አዲስ ተቀብሎ መልሶ ያሰራጫል።

ከከተማ ከተማ በራውተሮች በኩል የሚጓዝ የኢንተርኔት መልእክት የዕድሜ ገደብ ተጽፎበታል። በየራውተሩ ቁጥሩ እየተቀነሰ ሄዶ ዜሮ ሲደርስ መልእክቱ ይጣላል። በስዊቾች መካከል የሚመላለሰው የኤተርኔት መልእክት ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለውም። ዙሪቱ ካልተቆረጠ አይሞትም፤ እንዲያውም በየዙሩ እየተባዛ ይሄዳል። ባለሙያዎች የብሮድካስት ማዕበል የሚሉት ይህንን ነው። ገመዶቹ በአንድ ዓይነት ወሬ ይጨናነቃሉ፤ እውነተኛው ሥራ ማለፊያ ያጣል።

«ታዲያ ሁለት ገመድ መዘርጋት ለምን አስፈለገ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ነጋዴ የሚያውቀው መልስ ነው። አንድ መንገድ ብቻ ያለው ድርጅት መንገዱ የተዘጋ ዕለት ይዘጋል። አንዱ ገመድ በአይጥ ቢቆረጥ ወይም በግንባታ ሠራተኛ መዶሻ ቢጎዳ ሁለተኛው ሥራውን እንዲቀጥል ይፈለጋል። ስለሆነም የሚያስፈልገው ትርፍ ገመዱን መንቀል ሳይሆን፣ እስኪፈለግ ድረስ ዘግቶ የሚያቆየው ዘዴ ነው።

ዛፉ እንዴት ይበጃል?

ዘዴውን ያገኘችው ራዲያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በተባለው ኩባንያ ስትሠራ የነደፈችው ሕግ ስፓኒንግ ትሪ ይባላል። አይ ትሪፕል ኢ በሚል አጠራር የሚታወቀው የመሐንዲሶች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1990 ዘዴውን 802.1ዲ በተባለው ደረጃ ውስጥ አውጥቶታል። ትሪ ማለት ዛፍ ነው። የዛፍ ቅርንጫፍ ዞሮ ከሌላ ቅርንጫፍ ጋር አይጋጠምም፤ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው የሚያደርሰውም መንገድ አንድ ብቻ ነው። ስፓኒንግ ትሪም የተዘረጉትን ገመዶች ሁሉ አይቶ ዙሪት የሚፈጥሩትን በመዝጋት ዛፍ ያስቀራል።

አሠራሩ ከምርጫ ይጀምራል። ስዊቾቹ ቢፒዲዩ የሚባሉ አጫጭር መልእክቶችን በየ2 ሰከንዱ እየተላላኩ ከመካከላቸው አንዱን የዛፉ ሥር አድርገው ይመርጣሉ። ይህም ሩት ይባላል። የሚመረጠው ቅድሚያ የተሰጠው ቁጥር አነስተኛ የሆነው ነው። ቁጥሩ ከ0 እስከ 61440 ድረስ በ4096 እርከን ሊወሰን ይችላል። ማንም ካልነካው ግን ሁሉም ስዊቾች ከፋብሪካ ሲወጡ 32768 ይዘው ነው። ሁሉም እኩል ከሆኑ ደግሞ የማክ አድራሻው ቁጥር ትንሽ የሆነው ያሸንፋል።

እዚህ ላይ ገንዘቡን ያወጣው ሰው ልብ ሊል የሚገባው ነገር አለ። ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡ ስዊቾች ቀድሞ የተሠራው ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ አድራሻ ይይዛል። ስለዚህ ምርጫው ለዕድል ከተተወ፣ ውድ ዋጋ የተከፈለበት አዲሱ ስዊች በመሐል ተቀምጦ ሳለ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤት ወጥቶ የተሰካ አሮጌ ስዊች ሩት ሊሆን ይችላል። የድርጅቱም መልእክት ሁሉ በዚያ ጠባብ በር እንዲያልፍ ይገደዳል። ይህ እንዳይሆን የመሐሉ ስዊች ቅድሚያ 4096፣ የተጠባባቂው 8192 ተብሎ በእጅ ሊወሰን ይገባል። ሥራው የደቂቃዎች ነው።

ሩት ከተመረጠ በኋላ ሌሎቹ ስዊቾች ወደ እርሱ የሚያደርሰውን ርካሽ መንገድ ይፈልጋሉ። ርካሽ ሲባል በብር አይደለም። እያንዳንዱ ፖርት እንደ ፍጥነቱ የመንገድ ዋጋ ተሰጥቶታል። በቀድሞው አቆጣጠር በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚያሳልፈው 100፣ ባለ 100 ሜጋቢቱ 19፣ ባለ 1 ጊጋቢቱ 4፣ ባለ 10 ጊጋቢቱ 2 ነው። በኋላ የወጣው አቆጣጠር ደግሞ ለ1 ጊጋቢት 20,000፣ ለ10 ጊጋቢት 2,000 ይላል። ከተለያዩ ኩባንያዎች የተገዙ ስዊቾች በአንድ ቢሮ ሲገናኙ አንዱ በአሮጌው፣ ሌላው በአዲሱ ሚዛን ሊመዝን ይችላል። አንዱ በፈረሱላ፣ ሌላው በኪሎ እየመዘኑ ዋጋ እንደማወዳደር ማለት ነው። በመሆኑም ሚዛኑ በሁሉም ላይ አንድ መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል።

ከዚህ ሒሳብ በኋላ ወደ ሩት የሚወስደው ፖርት ሩት ፖርት ይባላል። ከሩት ወደ ታች የሚያሳልፈው ዴዚግኔትድ ፖርት፣ ማለትም የተመደበ ፖርት ይሆናል። ትርፍ የሆነው ደግሞ አማራጭ ተብሎ ተዘግቶ ይጠባበቃል። ዋናው ሲበጠስ አማራጩ ይከፈታል።

30 ሰከንድ እና የተሳሳተው መፍትሔ

ስፓኒንግ ትሪ ጠንቃቃ ነው። በመጀመሪያው አሠራሩ አዲስ ገመድ የተሰካበትን ፖርት ወዲያው አይከፍተውም። 15 ሰከንድ ያዳምጣል፤ ሌላ 15 ሰከንድ አድራሻ ይመዘግባል፤ በድምሩ 30 ሰከንድ ያስጠብቃል። በሩቅ የደረሰ ብልሽት ከሆነ ደግሞ 20 ሰከንድ ተጨምሮበት እስከ 50 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል።

ጥንቃቄው በሁለት ስዊቾች መካከል ተገቢ ነው። በስዊችና በአንድ ተራ ኮምፒዩተር መካከል ሲሆን ግን ከንቱ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲበራ የኔትወርክ አድራሻ ይጠይቃል፤ ፖርቱ ገና እያዳመጠ ነውና መልስ የለም። ተስፋ ሲቆርጥ በ169.254 የሚጀምር የራሱን ጊዜያዊ አድራሻ ይይዝና ሰርቨሩን ሳያገኝ ይቀራል። ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት «ኔትወርክ የለም» እያለ ሲያጠፋና ሲያበራ የሚውለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ቅሬታ ለማስወገድ አንዳንድ ቴክኒሻኖች የሚወስዱት እርምጃ ስፓኒንግ ትሪን ከነጭራሹ ማጥፋት ነው። በእርግጥም ቅሬታው በዚያው ዕለት ይቆማል። ባለንብረቱም «ጎበዝ ልጅ ነው፣ አፈጠነው» ይላል። ያልታየው ነገር ቢኖር የእሳት ማጥፊያው ከሕንፃው መውጣቱ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ገመድ አዙሮ ሲሰካ መላው ቢሮ ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፈጣኑ ስፓኒንግ ትሪ በስዊቾች መካከል ያለውን ጥበቃ ወደ ጥቂት ሰከንድ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ወደ አነሰ አውርዶታል። ይሁንና ፈጣኑም ቢሆን ኮምፒዩተር የተሰካበትን ፖርት በራሱ አውቆ አይለይም ብሎ ማሰብ ይበጃል። ካልተነገረው ከወዲያኛው ጫፍ የስዊች መልስ ይጠብቃል፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ይህን መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ያው 30 ሰከንድ ይቆያል። ከዚህም የባሰ፣ በስዊቾቹ መካከል ለውጥ በተደረገ ቁጥር ያልተነገረው ፖርት ለጊዜው እንደገና ሊዘጋ ይችላል። «ፈጣኑን ገዝቻለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም የሚባለው ለዚህ ነው።

ቦስተን፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2002

ይህ ሁሉ የትንንሽ ቢሮዎች ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የደረሰውን ይመልከት። ቤተ እስራኤል ዲያኮነስ በተባለው ታላቅ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 2002 ኔትወርኩ መንቀራፈፍ፣ ከዚያም መውደቅ ጀመረ። ችግሩ የታየው አንድ ተመራማሪ እጅግ ብዙ መረጃ በኔትወርኩ ላይ ባስተላለፈበት ወቅት ነበር። ሥሩ ግን ከዚያ ይጠልቅ ነበር። ስፓኒንግ ትሪ ከነባሪ ጊዜዎቹ ጋር የተነደፈው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ከ7 ስዊች ለማይበልጥ ርቀት ነው። የሆስፒታሉ ኔትወርክ ደግሞ በዓመታት ውስጥ እየተቀጣጠለ ይህን ልክ አልፎ ነበር።

ነገሩ ለምን አደገኛ እንደሆነ መረዳት አስቸጋሪ አይደለም። የተዘጋው ተጠባባቂ ፖርት ተዘግቶ የሚቆየው ቢፒዲዩ እስከመጣለት ድረስ ነው። መስመሩ በጭነት ሲታፈን ወይም መንገዱ ሲረዝም መልእክቶቹ ይዘገያሉ፤ ይጠፋሉም። ፖርቱም «ዋናው መንገድ ተበጥሷል» ብሎ ይከፈታል። መንገዱ ግን አልተበጠሰም፤ ስለዚህ ዙሪት ይፈጠራል፤ ዙሪቱም ጭነቱን ይጨምራል።

ሆስፒታሉ ለአራት ቀናት ያህል ወደ ወረቀት ተመለሰ። የላቦራቶሪ ውጤትና የመድኃኒት ትእዛዝ በሰው እጅ ከክፍል ክፍል ተጓጓዘ። የስዊቾቹ አምራች ሲስኮ መሐንዲሶቹንና ዕቃውን በጥድፊያ ላከ። የሆስፒታሉ የመረጃ ኃላፊ ጆን ሃላምካ ጉዳዩን ሳይደብቁ ለሕዝብ በመግለጻቸው ብዙ ድርጅቶች ከእርሱ ተምረዋል። ከትምህርቱ አንዱ፣ ስዊች በስዊች ላይ እየቀጠሉ መሄድ ያለ ዕቅድ በቤት ላይ ቤት እንደመቀጠል መሆኑ ነው።

ፖርቶቹን በሦስት መመደብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በአንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ፖርቶች ሁሉ በሦስት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ወገን የዳር ፖርት ነው። ኮምፒዩተር፣ ፕሪንተር፣ ካሜራ፣ የሽያጭ ማሽን ወይም ሰርቨር የሚሰካበት፣ ከበስተጀርባው ሌላ ስዊች የማይጠበቅበት ፖርት ነው። በደረጃው አጠራር ኤጅ ፖርት፣ በሲስኮ አጠራር ፖርትፋስት ይባላል። እንዲህ ተብሎ የተመደበ ፖርት ገመድ እንደተሰካበት ወዲያው ይከፈታል፤ የ30 ሰከንዱ ቅሬታ ያለ አንዳች ጉዳት ይወገዳል። ሌላም ጥቅም አለው። ያልተመደበ ፖርት ላይ ያለ ኮምፒዩተር በበራ ቁጥር ስዊቾቹ «የኔትወርኩ ቅርጽ ተለወጠ» ብለው የመዘገቡትን አድራሻ ቶሎ ይሰርዛሉ። ከዚያም እንደ አዲስ እስኪመዘግቡ ድረስ መልእክቱን ለሁሉም ያሰራጫሉ። 100 ሠራተኛ ጠዋት ማሽኑን ሲያበራ ይህ ምን ያህል ትርፍ ሁካታ እንደሚፈጥር መገመት ይቻላል። የዳር ፖርት ሲበራና ሲጠፋ ግን ለማንም አያውጅም።

ይሁንና የዳር ፖርት ያለ ዘበኛ መተው የለበትም። ዘበኛው ቢፒዲዩ ጋርድ ይባላል። ቢፒዲዩ የሚናገሩት ስዊቾች ብቻ ናቸውና በዳር ፖርት ላይ ይህ መልእክት ከመጣ አንድም ሌላ ስዊች ተሰክቷል፣ አንድም ገመድ ዞሮ ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው። ዘበኛው ምክንያት ሳይጠይቅ ፖርቱን ይዘጋል። ጉዳቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይወሰናል። በመግቢያችን ላይ ያየነው ሠራተኛ በእንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የሚዘጉት ገመዱ የነካቸው ሶኬቶች ብቻ በሆኑ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሌላው ስህተት ከኔትወርክ ስልክ ጋር የተያያዘ ነው። ስልኩ ከጀርባው ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ለግድግዳው፣ ሌላው ለኮምፒዩተሩ ነው። ሁለቱንም ግድግዳ ላይ የሚሰካ ሰው ዙሪት ሠራ ማለት ነው። ዘበኛ ያለበት ፖርት ይህንን አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይይዘዋል።

ሁለተኛው ወገን ከመሐሉ ስዊች ወደ ታች፣ ማለትም ወደየፎቁ ወይም ወደ ተከራዩ ክፍል ስዊች የሚወርደው ፖርት ነው። ይህ የዳር ፖርት ተብሎ ከቶ መመደብ የለበትም። የሚያስፈልገው ሩት ጋርድ ነው። ከታች ያለ ስዊች «እኔ ሩት ልሁን» የሚል ከፍ ያለ መልእክት ቢልክ ፖርቱ ይዘጋበታል፤ ጥያቄውን ሲተው ደግሞ ማንም ሳይነካው በራሱ ይከፈታል። ሕንፃ ለሚያከራዩና ኔትወርኩን ከተከራይ ጋር ለሚጋሩ ባለንብረቶች ይህ ተገቢ አጥር ነው።

ሦስተኛው ወገን ወደ ሩት የሚወጣውና ተጠባባቂው ፖርት ነው። ለእነዚህ ሉፕ ጋርድ የሚባለው አለ። በቦስተኑ ታሪክ እንዳየነው አደጋው ቢፒዲዩ በድንገት ሲቋረጥ ተጠባባቂው መከፈቱ ነው። በተለይ በፋይበር መስመር አንደኛው አቅጣጫ ብቻ ሲበላሽ ይህ ይደርሳል። ሉፕ ጋርድ ያለበት ፖርት መልእክቱ ሲቋረጥበት ከመክፈት ይልቅ ዘግቶ ይጠብቃል።

ከነዚህ ሌላ ቢፒዲዩ ፊልተር የሚባል ምደባ አለ። ስሙ ከዘበኛው ጋር ስለሚመሳሰል ብዙዎችን ያሳስታል። ዘበኛው መልእክቱን ሲሰማ በሩን ይዘጋል፤ ፊልተሩ ግን በፖርቱ ላይ በቀጥታ ሲታዘዝ መልእክቱን መላክም መስማትም ያስቀራል። ይህም በዚያ ፖርት ላይ ስፓኒንግ ትሪን ከማጥፋት አይለይም። በተራ ቢሮ ውስጥ ይህን ምደባ የሚፈልግ ምክንያት እምብዛም የለም። ቴክኒሻኑ ካስገባው ለምን እንደሆነ ይጠየቅ።

በመጨረሻም ርካሽ የሆኑትና የማይታዘዙት ትንንሽ ስዊቾች ጉዳይ አለ። ሶኬት ሲያንስ ከጠረጴዛ ሥር የሚጣሉት ባለ 5 እና ባለ 8 ፖርት ሣጥኖች ብዙውን ጊዜ ስፓኒንግ ትሪ አያውቁም። አንዳንዶቹ ቢፒዲዩውን ሳይነኩ ያሳልፉታል፤ በእነዚህ ላይ የተሠራ ዙሪት በዘበኛው ይያዛል። አንዳንዶቹ ግን መልእክቱን ውጠው ያስቀሩታል፤ ያን ጊዜ ዘበኛው ምንም አይሰማም። ለዚህ ሁለተኛ መከላከያ የሚሆነው ስቶርም ኮንትሮል የተባለው ነው። በአንድ ፖርት የሚገባው «ለሁሉም ይድረስ» መልእክት ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ ትርፉን ይጥላል ወይም ፖርቱን ይዘጋል። ከኢንተርኔት አቅራቢው የሚሰጠው ራውተርም ብዙ ጊዜ በውስጡ ትንሽ ስዊች እንዳለው መዘንጋት የለበትም። ከእርሱ ሁለት ገመድ አውጥቶ አንድ ስዊች ላይ መሰካት ፍጥነት አይጨምርም፤ ዙሪት ይሠራል እንጂ።

የተዘጋ ፖርት ሲገኝ

ዘበኛው የዘጋው ፖርት ለሠራተኛው የተበላሸ ፖርት ይመስለዋል። መብራቱ ይጠፋል ወይም ቀለሙ ይለወጣል። የተለመደው ምላሽ ገመዱን ነቅሎ ሌላ ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ያም ይዘጋል። ሦስተኛውም እንዲሁ። በዚህ መካከል «ስዊቹ ተቃጥሏል» ተብሎ ለአዲስ ዕቃ ገንዘብ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ስለሆነም ከመግዛት በፊት የስዊቹ መዝገብ ይታይ። መዝገቡ ፖርቱ መቼና ለምን እንደተዘጋ ይናገራል።

በሲስኮ ስዊቾች ላይ ዘበኛው የዘጋው ፖርት ካልታዘዘ በስተቀር በራሱ አይከፈትም። በራሱ እንዲከፈት ከታዘዘ ደግሞ ያልተለወጠው የጥበቃ ጊዜ 300 ሰከንድ ነው። ባለሙያ በቅርብ ለሌለው ቅርንጫፍ ይህ ይጠቅማል። ምክንያቱ ካልተወገደ ተመልሶ ስለሚዘጋም የሚያስከትለው አደጋ ትንሽ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን መጀመሪያ ገመዱን ፈልጎ መንቀል፣ ከዚያ ፖርቱን መክፈት ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም።

ሲገዙና ሲዋዋሉ

ስዊች የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ፖርት እንዳለውና ዋጋውን ነው። ሦስተኛ ጥያቄ መጨመር አለበት፤ የሚታዘዝ ነው ወይስ የማይታዘዝ? የማይታዘዘው ርካሽ ነው፤ ለአንድ ክፍል ሱቅም ሊበቃ ይችላል። ከአንድ በላይ ስዊች ላለው ድርጅት ግን ፈጣኑን ስፓኒንግ ትሪና ከላይ የተጠቀሱትን ዘበኞች የማያውቅ ዕቃ መግዛት በመጋዘን በር ላይ ቁልፍ እንደመቆጠብ ነው። አሮጌ ዕቃ የሚገዛም ቢሆን የቀድሞው ባለቤት ያስገባው ምደባ ተደምስሶ እንደ አዲስ መሞላቱን ያረጋግጥ። አለበለዚያ የሌላ ድርጅት ሩት ለመሆን የተዘጋጀ ስዊች የእርስዎን ኔትወርክ ሊወርስ ይችላል።

ኔትወርክ ከሚዘረጋው ድርጅት ጋር በሚፈረመው ውል ላይ ደግሞ የሚከተሉት ቢሰፍሩ መልካም ነው። አንደኛ፣ ሩት የትኛው ስዊች እንደሆነ፣ ተጠባባቂውም የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ የዳር ፖርቶች በሙሉ ከነዘበኛቸው ይመደቡ። ሦስተኛ፣ ስዊች ከስዊች የሚያገናኙት ፖርቶች በቁጥር ተዘርዝረው በሣጥኑ ላይ ምልክት ይለጠፍባቸው። አራተኛ፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ያለው የስዊች ብዛት ከ7 እንዳይበልጥ ይደረግ። አምስተኛ፣ የምደባው ቅጂ ለባለንብረቱ ይሰጥ፤ ቴክኒሻኑ ሲለቅ ዕውቀቱ አብሮት መሄድ የለበትምና።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ርክክብ ከመፈጸሙ በፊት ፈተና ይደረግ። ፈተናው ቀላል ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ቴክኒሻኑ ባለበት፣ አንድ ገመድ ከአንዱ የግድግዳ ሶኬት ወደ ሌላው አዙሮ መሰካት ነው። ሁለቱ ሶኬቶች ወይም አንዳቸው ብቻ ተዘግተው ሌላው ቢሮ ሥራውን ከቀጠለ ክፍያው ይፈጸም። ሁሉም ነገር ከቆመ ግን ገመዱ ወዲያው ተነቅሎ ምደባው እንደገና ይሠራ። ቀጥሎም በሁለት ስዊቾች መካከል ያለው ዋናው ገመድ ተነቅሎ ተጠባባቂው በስንት ሰከንድ ሥራውን እንደተረከበ በሰዓት ይለካ።

ይህ ሁሉ አዲስ ዕቃ የሚያስገዛ ሳይሆን በአብዛኛው አስቀድሞ በተገዛው ዕቃ ውስጥ ያለውን ማሠራት ነው። የግማሽ ቀን የቴክኒሻን ሥራ ሊያስከፍል ይችላል፤ ገበያ በደራበት ቀን ለግማሽ ሰዓት መዘጋት ከሚያሳጣው ሽያጭ ጋር ያስተያዩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በዚህ ሳምንት ለቴክኒሻንዎ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «የእኛ ሩት የትኛው ስዊች ነው?» የሚለው ይሁን። መልሱን ወዲያው ካላገኙ ሥራው ከየት እንደሚጀመር አውቀዋል ማለት ነው።